የዴስክቶፕ ምስሎችን በነፃ ፕሮግራም በጅምላ ማውረድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በሰሜን ሸዋ ላሉ የኮምፒውተር ቤቶች፣ ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎችና በስልክ ሆትስፖት ለሚያወርዱ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ ዊንዶውስ 10 እና 11ን ይመለከታሉ፤ ሊነክስ የሚለይበት ካለ እዚያው ተጠቅሷል። የሜኑ ስሞችን እንግሊዝኛው ሲነበብ እንደሚሰማው ጽፈናቸዋል።

ከማውረዴ በፊት ምን ልወቅ?

የስክሪንዎን መጠን። ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ሲገቡ «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» ከሚለው ሥር ያገኙታል። ቆየት ያሉ ላፕቶፖች በብዛት 1366×768 ናቸው፤ አዳዲሶቹ 1920×1080። ካሬ የሚመስሉት አሮጌ ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች ሞኒተሮች 1280×1024 ናቸው። በየትምህርት ቤቱ አሁንም አሉ፤ ሰፊ ምስል ሲጫንባቸው ወይ ግራና ቀኙ ይቆረጣል፣ ወይ ምስሉ ይጨመደዳል።

«ፎርኬ» የሚባለው የ3840×2160 ምስል ማማሩ አያከራክርም። ግን ከ1366×768 ስክሪን ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ነጥብ ይዟል፤ ስክሪኑ ያን ሁሉ ማሳየት ስለማይችል ትርፉ በከንቱ የወጣ ዳታ ነው። ለሁሉም ማሽን የሚሆን አንድ ስብስብ ከፈለጉ 1920×1080 ይያዙ።

ስንት ሜጋ ይፈጃል?

የ1920×1080 ጄፒጂ ምስል ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት ነው። አንዱን በ600 ኪሎባይት ብናስበው 200 ምስል 120 ሜጋባይት ይሆናል። ፎርኬ ከሆነና አንዱ 3 ሜጋባይት ከያዘ፣ ያው 200 ምስል 600 ሜጋባይት ይደርሳል። ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ዓይነት ደግሞ በፎርኬ መጠን አንዱ ብቻ ከ10 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ ለፎቶግራፍ ጄፒጂን ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ገጹን ከላይ ወደ ታች ሲያገላብጡ ትንንሾቹ ምስሎች ራሳቸው ዳታ እንደሚበሉ ነው።

ጊዜውን ለማስላት፦ 4 ሜጋቢት በሰከንድ የሚባል መስመር በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ያወርዳል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነውና። መስመሩ ካልተቆራረጠ 120 ሜጋባይት በ4 ደቂቃ፣ 600 ሜጋባይት በ20 ደቂቃ ያልቃል።

ስንት ምስል ይበቃኛል?

ከ100 እስከ 200። ዊንዶውስ በየ30 ደቂቃው እንዲቀይር ቢያዙት፣ በቀን 8 ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ለሚቀመጥ ሰው በቀን 16 ምስል ነው፤ 200 ምስል ሳይደገም 12 ቀን ይቆያል። «10,000 ምስል በአንድ ጥቅል» የሚሉትን ተዉአቸው፤ አብዛኛው ያው ምስል በተለያየ ስም ነው።

ከነፃዎቹ የትኛውን ፕሮግራም ልምረጥ?

እንደ ገጹ አሠራር ይለያያል። ገጹ ላይ ያሉት ሊንኮች በቀጥታ ወደ ምስሉ የሚወስዱ ከሆነ ለፋየርፎክስ የተሠራው ዳውን ዜም ኦል ይበቃል። ሊንኩ መጀመሪያ ወደ ሌላ ገጽ፣ ከዚያ ወደ ምስሉ የሚወስድ ከሆነ ጋለሪ ዲኤል ይሻላል። ጄዳውንሎደር በመሃል ነው፤ መስኮቱና ቁልፉ የሚታይ፣ ለጀማሪ የሚመች፣ ነገር ግን በጃቫ ስለሚሠራ 2 ጂቢ ራም ባለው ማሽን ላይ የሚከብድ። ዳውን ዜም ኦልና ጋለሪ ዲኤል ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ጄዳውንሎደር ክፍያ አይጠይቅም።

በሊነክስ ላይ ቫራይቲ የሚባለው ፕሮግራም ራሱ እያወረደ ራሱ ይቀይራል። በዊንዶውስ ተመሳሳዩን ሥራ ጆንስ ባክግራውንድ ስዊቸር ይሠራል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ችግራቸው ከበስተጀርባ ሆነው ዳታ መጎተታቸው ነው። ያልተገደበ ዋይፋይ ለሌለው ሰው አንዴ አውርዶ መጨረሱ ይሻላል።

በዳውን ዜም ኦል እንዴት ላውርድ?

ከፋየርፎክስ የአድኦን መደብር ይጫኑት። ምስሎቹ ያሉበትን ገጽ ከፍተው እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ብቻ ምስል የሚጨምሩ ገጾች አሉና እስከ ታች ይውረዱ። ከዚያ ገጹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ዳውን ዜም ኦል» ይበሉ። በሚከፈተው መስኮት «ሊንክስ» እና «ሚዲያ» የሚሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። «ሊንክስ»ን መርጠው ከማጣሪያዎቹ የጄፒጂ ምስሎችን ብቻ ምልክት ያድርጉ። «ሰብፎልደር» በሚለው ቦታ ስም ይጻፉ፤ ካልጻፉ 200 ምስል ከደረሰኝና ከሲቪ ጋር «ዳውንሎድስ» ውስጥ ይቀላቀላል። ከብሮውዘሩ የዳውንሎድ ፎልደር ውጪ ማስቀመጥ አይችልም።

አድራሻቸው በተራ ቁጥር የሚሄድ ምስሎች ሲሆኑ ገጹን መክፈትም አያስፈልግም። በአድራሻው ውስጥ ቁጥሩ ባለበት ቦታ [001:100] ብለው ቢጽፉ ከ001 እስከ 100 ያሉትን ራሱ ይዘረዝራል። ዜሮዎቹን አይርሱ፤ ምስሉ 001 ተብሎ ተቀምጦ እርስዎ 1 ብለው ከጻፉ ፕሮግራሙ የሌለ ፋይል ይፈልጋል፣ 404 የሚል ስህተትም ይመልሳል።

ያወረድኳቸው ምስሎች ሁሉ ትንንሽና ደብዛዛ ሆኑ። ለምን?

ያወረዱት ናሙናዎቹን ነው። ገጹ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ለመምረጫ የቀረቡ፣ 300 ነጥብ አካባቢ ስፋት ያላቸው ቅጂዎች ናቸው። ዋናው ምስል ያለው ናሙናውን ሲጫኑ በሚከፈተው ገጽ ነው። ዳውን ዜም ኦል «ሚዲያ» በሚለው ክፍል የሚያሳየው ዓይን የሚያየውን፣ ማለትም ናሙናውን ነው።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ፦ አንዱን ናሙና ተጭነው የሚከፈተውን አድራሻ መጨረሻ ይዩ። በጄፒጂ የሚያልቅ ከሆነ «ሊንክስ» ይሠራል። በቁጥር ወይም በቃል የሚያልቅ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ገጽ በመሃል አለ፤ ዳውን ዜም ኦል ያንን ገጽ ዘልቆ አይገባም። ያኔ ወደ ጋለሪ ዲኤል ይሂዱ።

ምንጊዜም 200 ከማውረድ በፊት 5 አውርደው፣ ከፍተው፣ መጠናቸውን አይተው ይቀጥሉ። ዳታ የሚባክነው በአብዛኛው ይህ ሙከራ ሲዘለል ነው።

ጋለሪ ዲኤል መስኮት የለውም ይባላል። እንዴት ይሠራል?

በትዕዛዝ ነው የሚሠራው፤ ግን የሚጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። ለዊንዶውስ የተዘጋጀውን አንድ ፋይል አውርደው ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ፎልደሩን ከፍተው ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ላይ በላቲን ፊደል «ሲኤምዲ» ብለው ጽፈው ኢንተር ይምቱ፤ ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ይከፈታል። የፕሮግራሙን ስም ይጻፉ፣ ክፍተት ይተዉ፣ የገጹን አድራሻ ይለጥፉና ኢንተር ይምቱ። ምስሎቹ በዚያው ፎልደር ውስጥ በፕሮግራሙ ስም በሚፈጠር ሌላ ፎልደር ውስጥ፣ በድረ ገጹ ስም ተከፋፍለው ይቀመጣሉ።

ገና ሲከፍቱት አልነሳም ካለ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል ነው። ማሽኑ ባለ 64 ቢት ቢሆንም የሚያስፈልገው ባለ 32 ቢቱ፣ ኤክስ 86 የሚባለው ነው።

ሦስት አማራጮችን ይወቁ፤ ሁሉም ከፊታቸው ሁለት ጭረት ይፈልጋሉ። «ሬንጅ» ከየትኛው እስከ የትኛው እንደሚያወርድ ይወስናል፤ 1-20 ካሉት ሃያ አውርዶ ይቆማል። «ስሊፕ» በየምስሉ መካከል ስንት ሰከንድ እንደሚያርፍ ይነግረዋል። «ዳውንሎድ አርካይቭ» ደግሞ የወረዱትን በአንድ ፋይል ይመዘግባል። ፕሮግራሙ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ምስል ያለ መዝገቡም ደግሞ አያወርድም፤ ነገር ግን ያልወደዱትን ከሰረዙ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ካዛወሩ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ ያወርደዋል። መዝገቡ የሚያድነው ከዚህ ነው።

ዎልሄቨን ላይ ስፈልግ ለተማሪዎች የማይሆን ምስል ይመጣል?

ዎልሄቨን የዎልፔፐር ምስሎች ድረ ገጽ ነው። ያለ አካውንት ሲገቡ ገጹ በራሱ የሚያሳየው ጨዋ የሚላቸውን ምስሎች ብቻ ነው። በፍለጋው መስመር ላይ ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያውን ብቻ አብርተው ይተዉ፤ ሁለተኛው ሲበራ ለክፍል የማይሆኑ ይቀላቀላሉ። እንዲያም ሆኖ ምደባው የሰዎች ስለሆነ ወደ 30 ማሽን ከመጫንዎ በፊት ፎልደሩን በትልልቅ ናሙና ከፍተው አንድ ጊዜ በዓይንዎ ይለፉበት።

403 ወይም 429 የሚል ስህተት መጣ። ምን ማለት ነው?

429 «በዛ» ማለት ነው። ሰርቨሩ (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ስለደረሰው ለጊዜው ዘግቶብዎታል። ለምሳሌ ዎልሄቨን ለፕሮግራሞች በከፈተው በር በደቂቃ 45 ጥያቄ ብቻ ይቀበላል፤ አንስፕላሽ የሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ በሙከራ ደረጃ ላለ ፕሮግራም የሚፈቅደው በሰዓት 50 ነው። ጥቂት ጠብቀው፣ በአንድ ጊዜ የሚወርዱትን ወደ 2 ቀንሰው፣ በየምስሉ መካከል 2 ወይም 3 ሰከንድ አስቀምጠው ይቀጥሉ። ደጋግሞ መሞከር እገዳውን ያራዝማል እንጂ አይከፍተውም። ሃያ ማሽን በአንድ ዋይፋይ ሲያወርድ ሰርቨሩ እንደ አንድ ሰው እንደሚቆጥራችሁም አይርሱ፤ በአንዱ አውርዶ ለቀሩት ማካፈል ነው።

403 ክልከላ ነው። ወይ ገጹ መግባት ይፈልጋል፣ ወይ ምስሉን የሚሰጠው ከራሱ ገጽ ለመጣ ጥያቄ ብቻ ነው። አድራሻውን ከሌላ ቦታ ገልብጠው ከለጠፉት ይህ ይመጣል፤ ከዋናው ገጽ ላይ ሆነው ይጀምሩ።

ምስሉ ግማሹ ግራጫ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይከፈትም።

ጄፒጂ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ በመሃል ሲቋረጥ የደረሰው ድረስ ይታይና የቀረው ግራጫ ይሆናል። ፎልደሩን «ዲቴይልስ» በሚለው እይታ ከፍተው በመጠን ይደርድሩት። 0 ኪሎባይት የሆኑትና ከሌሎቹ በጣም ያነሱት ከላይ ወይም ከታች ተሰብስበው ይመጣሉ። 10 ወይም 20 ኪሎባይት የሆነ «ጄፒጂ» አብዛኛውን ጊዜ ምስል አይደለም፤ በኖትፓድ ቢከፍቱት የድረ ገጽ ኮድ ያያሉ። ሰርቨሩ የስህተት ገጹን ልኮ ፕሮግራሙ በምስል ስም አስቀምጦታል። ሰርዘው እነዚያን ብቻ እንደገና ያውርዱ።

መብራት ሲጠፋ ከመጀመሪያ ልጀምር ነው?

አይደለም። ጄዳውንሎደር ዝርዝሩን ስለሚያስቀምጥ ሲከፍቱት ካቆመበት ይቀጥላል። ጋለሪ ዲኤል ያንኑ ትዕዛዝ ደግመው ሲሰጡት የወረዱትን ይዘላል። በመሃል የተቋረጠው አንድ ወይም ሁለት ምስል ብቻ ስለሚሆን ኪሳራው ትንሽ ነው። ይልቅ ዋይፋይ ማሰራጫው ዩፒኤስ ላይ ከሌለ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም መስመሩ ይቆረጣል።

በሌሊት ጥቅል ላውርድ ብዬ ሰዓቱን ስሞላ ተሳሳተብኝ።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በእሱ 00:00፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 03:00፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት 06:00 ነው። ጄዳውንሎደር ላይ «ሴቲንግስ» ገብተው ከተጨማሪ ክፍሎቹ «ስኬጁለር»ን ይጫኑና ሁለት ትዕዛዝ ይስጡ፦ አንዱ መጀመሪያ፣ አንዱ ማቆሚያ። ማቆሚያውን የጥቅሉ ሰዓት ከማለቁ 10 ደቂቃ ቀደም ያድርጉት፤ ያለዚያ የቀረው ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል። ማሽኑ በመሃል እንዳይተኛ በ«ፓወር» ሴቲንግ ውስጥ «ስሊፕ»ን «ኔቨር» ያድርጉ፤ ላፕቶፑን አይክደኑት።

120 ሜጋባይት አወርዳለሁ ብዬ 1 ጂቢ አለቀ።

ምስሎቹ አይደሉም የበሉት። ዊንዶውስ መስመር ሲያገኝ አፕዴቱን ይጎትታል። የተገናኙበትን ዋይፋይ «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ሌላው ሌባ ዋንድራይቭ ነው፦ ምስሎቹን «ፒክቸርስ» ውስጥ ካስቀመጡና ዋንድራይቭ ያንን ፎልደር የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያወረዱትን ሁሉ መልሶ ወደ ላይ ይጭነዋል። አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። በዲ ድራይቭ ላይ ወይም በሲ ላይ በራስዎ በከፈቱት ፎልደር ያስቀምጡ።

ፕሮግራሙ ነፃ ነው ይላል፤ ቫይረስ ቢኖረውስ?

ከፕሮግራሙ ከራሱ ገጽ ያውርዱ እንጂ ከሰው ፍላሽ አይቀበሉ። የጄዳውንሎደር መጫኛ በመሃል ሌላ ፕሮግራም አብሬ ልጫንልህ ሊል ይችላል፤ «ዲክላይን» ይበሉት። «የዎልፔፐር ጥቅል» ተብሎ መጨረሻው ኢኤክስኢ ወይም ኤስሲአር የሆነ ፋይል ከመጣ አይክፈቱት፤ ምስል መጫኛ አያስፈልገውም። ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻን ስለሚደብቅ ከ«ቪው» ሜኑ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብርተው ይሥሩ።

ዌብፒ የሚባል ፋይል ወረደልኝ፤ ባክግራውንድ አልሆን አለ።

ኢርፋንቪው ወይም ኤክስኤን ኮንቨርት በጅምላ ወደ ጄፒጂ ይቀይሩታል፤ ሁለቱም ለግል ጥቅም ነፃ ናቸው። ጥራቱን 90 ላይ ያድርጉ። ስሙን ከዌብፒ ወደ ጄፒጂ ለውጦ መጻፍ ልብሱን እንጂ ሰውየውን አይቀይርም።

አንዱ ምስል ሦስት አራቴ ወረደ። እንዴት ልለየው?

ዱፕጉሩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም። «ፒክቸር» የሚለውን ስልት ይምረጡ፤ ስሙን ወይም መጠኑን ሳይሆን መልኩን ስለሚያነጻጽር አንዱ 1366፣ ሌላው 1920 የሆኑትን መንታዎች ይይዛል። ከመሰረዝዎ በፊት ትልቁ የሚቀረው መሆኑን ይዩ።

የአካባቢያችንን ምስል የት አገኛለሁ?

ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የነፃ ምስሎች ድረ ገጽ ላይ። በላቲን ፊደል ይፈልጉ፤ አጻጻፉ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት መንገድ ይሞክሩ። «ብርሃን» አንዳንዱ በኢ፣ አንዳንዱ በአይ ይጽፈዋል፤ «መንዝ»ም እንዲሁ በሁለት አናባቢ ይገኛል። ጓሳን፣ አንኮበርን፣ ጣርማ በርን ለየብቻ ይፈልጉ። ጭላዳን ከፈለጉ «ጌላዳ» ይበሉ፤ ብዙ ምስል ይመጣል፣ ግን ግማሹ የሰሜን ተራሮች ሊሆን ስለሚችል መግለጫውን ያንብቡ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኮመንስ ላይ ዋናው ፋይል ከካሜራ እንደወጣ ነው፤ 6000×4000 ሆኖ 10 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ጋለሪ ዲኤል የአንድ ምድብ አድራሻ ሲሰጡት ዋና ዋናዎቹን ነው የሚጎትተው። ለጥቂት ምስል ከሆነ በየገጹ ከምስሉ ሥር ከተዘረዘሩት መጠኖች 1,920 አካባቢ ያለውን ይምረጡ። ቁመታቸው ከወርዳቸው የሚበልጥ ምስሎች ለዴስክቶፕ አይሆኑም፤ ለስልክ ይተዉአቸው።

የወረደውን በፍላሽ መሸጥ ወይም በካላንደር ማተም እችላለሁ?

ለራስ ስክሪን መጠቀምና መሸጥ ይለያያሉ። የአንስፕላሽና የፔክስልስ ፈቃድ በነፃ ለንግድም መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ምስሉን እንዳለ፣ ሳይለውጡ መሸጥን ግን አይፈቅድም። በኮመንስ ላይ ያለው በአብዛኛው የፎቶግራፍ አንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት አብሮ መጻፍን ይጠይቃል። ዎልሄቨን ላይ የሚጫኑት ምስሎች ባለቤታቸው ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ለኅትመት አይንኳቸው። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል።

ወደ ፍላሽ ስገለብጥ ለምን ይንቀራፈፋል?

ፍላሽ አንድ ትልቅ ፋይል ሲጻፍበት ይፈጥናል፤ ሺህ ትንንሽ ፋይል ሲሆን ለእያንዳንዱ መዝገብ ስለሚከፍት ይዘገያል። መጀመሪያ ፎልደሩን ዚፕ አድርገው አንዱን ፋይል ይገልብጡ። መጠኑን ይቀንሳል ብለው አይጠብቁ፤ ጄፒጂ አስቀድሞ የተጨመቀ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ለሚሄድ ሰው የሚላክ ከሆነ ዚፑ ሌላም ጥቅም አለው፦ በመንገድ የተበላሸ ከሆነ ሲከፈት ይናገራል።

ፍላሹን ስነቅል ስላይድሾው ጥቁር ሆነ።

ዊንዶውስ አንድ ምስል ብቻ ሲመርጡለት ቅጂውን በራሱ ያስቀምጣል፤ ፍላሹ ቢነቀልም ይቆያል። ስላይድሾው ሲሆን ግን ፎልደሩን ነው የሚከተለው። ምስሎቹን መጀመሪያ ወደ ሲ ወይም ዲ ድራይቭ ገልብጠው፣ «ፐርሰናላይዜሽን» ውስጥ «ባክግራውንድ»ን «ስላይድሾው» አድርገው ያንን ፎልደር ያሳዩት። ላፕቶፑ ከሶኬት ሲነቀል መቀየሩ የሚቆም ከሆነ እዚያው ገጽ ላይ በባትሪም እንዲሠራ የሚፈቅድ ማብሪያ አለ። «ፊት» ከሚለው ምርጫ ላይ «ፊል»ን ይምረጡ እንጂ «ስትሬች»ን አይንኩት፤ በ«ስትሬች» የጓሳ ጭላዳ ያለ ልኳ ትወፍራለች።